ነፋሱ ይመጣል፣ ቅዝቃዜው የለም

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መስመር የሚመላለሱ መኪኖች ኤሲ እምቢ ሲል ምን ማለቱ ነው?

የመኪና ኤሲ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም። ቁልፉን ሲጫኑት መብራቱ ይበራል፣ በዳሽቦርዱ ቀዳዳዎች ነፋስ ይወጣል፣ የፋኑም ድምፅ እንደ ወትሮው ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተሩ ጎን የተቀመጠው ኮምፕሬሰር አልተነሣም። መካኒኮች «ክላቹ አልያዘም» ይሉታል። ክላቹ እስካልያዘ ድረስ ከቀዳዳው የሚወጣው ያው የውጪው አየር ነው፤ ውጪው ሲግል አብሮ ይግላል፣ መንገዱ ሲቦን አብሮ ይቦናል።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ይህ ጉድለት የሚጋለጥበት ቦታ የታወቀ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የነበረ ተሳፋሪ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲጀመር ጋቢውን ይጥላል፤ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ እየተጠማዘዘ ይወርዳልና አየሩ በየመታጠፊያው ይለወጣል። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ጋ ሲደረስ ከኋላ ወንበር «ኧረ ሹፌር፣ ኤሲ ክፈትልን!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሹፌሩም «ተከፍቷል» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ከቡሬ ተነሥቶ በነቀምት መንገድ ወለጋን የሚቆርጥ መኪናም ያንኑ ወንዝ ዝቅ ብሎ ሲሻገር ያው ክርክር ይነሣል።

## ሙቀት የሚያግዝ ዕቃ

ኤሲ ብርድ አያመርትም፤ ከመኪናው ውስጥ ሙቀት እየለቀመ ውጪ የሚጥል ዕቃ ነው። ይህን የሚያደርግለት በቧንቧዎቹ ውስጥ እየዞረ አንዴ ፈሳሽ፣ አንዴ እንፋሎት የሚሆን ጋዝ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ ባሉት መኪኖች በብዛት የሚገኘው አር-134ኤ የሚባለው ሲሆን፣ በባሕር ወለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ፈሳሹ ከዳሽቦርዱ ኋላ በተቀበረው ኢቫፖሬተር ውስጥ ሲፈላ ለመፍያ የሚሆነውን ሙቀት በዙሪያው ከሚያልፈው አየር ይወስዳል፤ ተሳፋሪው ፊት ላይ የሚያርፈው ቅዝቃዜ ይኸው ነው። እንፋሎቱን ኮምፕሬሰሩ ስቦ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ይግላል። የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት በቆመው ኮንደንሰር ሲያልፍ ሙቀቱን ለውጪው ነፋስ ጥሎ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያም እርጥበት በሚመጥ ማድረቂያ ጣሳ አልፎ፣ ኤክስፓንሽን ቫልቭ በምትባል ጠባብ በር ሾልኮ ወደ ኢቫፖሬተሩ ይመለሳል።

የዚህ ሁሉ ልብ ኮምፕሬሰሩ ነው፤ የኮምፕሬሰሩ በር ደግሞ ክላቹ። ሞተር በተነሣ ቁጥር ቺንጋው የኮምፕሬሰሩን ፑሊ ያዞራል፤ ፑሊው ግን ባዶውን ነው የሚዞረው። ከፊቱ ያለችው ክብ ሳህን ከኮምፕሬሰሩ ዘንግ ጋር ስለታሰረች ቆማ ትታያለች። ከፑሊው ጀርባ ያለው የመዳብ ጥቅልል ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ማግኔት ይሆንና ሳህኗን ስቦ ከፑሊው ጋር ያጣብቃታል። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ ይህ ነው። ልምድ ያለው ሹፌር ሬዲዮ ተከፍቶም ቢሆን ይሰማዋል፤ የሞተሩም ድምፅ ለአፍታ ዝቅ ብሎ ይመለሳል።

## ደጋ ላይ ኤሲ ምን ሊያደርግ?

ፍኖተ ሰላም በ1900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ ከ2000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በዚህ ከፍታ ዓመቱን ሙሉ ኤሲ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። ብዙ የሚኒባስ ባለቤቶችም ኤሲውን እንደ ትርፍ ነገር ይቆጥሩታል፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ይቀንሳል ይላሉ። በሁለቱም አልተሳሳቱም።

የሚረሳው የክረምቱ ጉዳይ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከደምበጫ እስከ ጂጋ፣ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ ዝናቡ ሳያባራ ሲውል የሚኒባስ ተሳፋሪ ልብሱ በስብሶ ይገባል። መስኮት ደግሞ አይከፈትም። «ልጄ፣ ዝጋልኝ፤ ንፋስ ይመታኛል» ካሉ እናት ጋር ማንም አይከራከርም። ወዲያው የፊት መስተዋቱ በእንፋሎት ይሸፈናል። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው በጨርቅ ይወለውላል፤ ረዳቱም በበኩሉ ያግዛል፤ ከደቂቃ በኋላ መስተዋቱ ተመልሶ ይታፈናል። ይህን ጉም የሚገፈው ኤሲ ነው። አየሩ በቀዝቃዛው ኢቫፖሬተር ላይ ሲያልፍ የያዘው ውኃ ጤዛ ሆኖ ይወርድና በቱቦ ከመኪናው ሥር ይንጠባጠባል፤ መስተዋቱ ላይ የሚደርሰው አየር ደረቅ ነው። ኤሲውና ማሞቂያው አብረው ቢከፈቱ ደረቅም ሞቃትም አየር ይገኛል። ሁለቱን አብሮ መክፈት እንደ ዕብደት የሚያዩ ሹፌሮች ብዙ ናቸው። ሆኖም በብዙ መኪኖች የፊት መስተዋት ማጥሪያው ሲመረጥ ኮምፕሬሰሩ በራሱ እንዲነሣ የተደረገው በዚሁ ምክንያት ነው።

> በጎጃም ክረምት ኤሲ ከማቀዝቀዣነቱ ይልቅ መንገድ ማሳያነቱ ይበልጣል።

አለመጠቀም ራሱ ያበላሸዋል። የኮምፕሬሰሩን ዘንግ ጋዝ እንዳያሾልክ የሚይዘው የጎማ ቀለበት የሚርሰው ከጋዙ ጋር በሚዞረው ዘይት ነው። ኤሲው ለወራት ሳይከፈት ሲቀር ቀለበቱ ይደርቃል፣ ጋዙም ቀስ በቀስ ይወጣል። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ ወይም ነዳጅ ሲጠፋ መኪኖች ለሳምንታት ቆመዋል፤ በእህል መጋዘን አጠገብ መኪና ማቆም ደግሞ ለአይጥ ሽቦ ማቅረብ ነው። ኤሲ በየሳምንቱ፣ ብርድም ቢሆን፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ይከፈት የሚለው የአምራቾች ምክር ለእንዲህ ያለው አገር የተጻፈ ይመስላል።

## ሁሉም እሺ ካላሉ

ቁልፉን መጫን ለክላቹ ቀጥታ ኤሌክትሪክ መስጠት አይደለም፤ ልመና ማቅረብ ነው። ልመናው በብዙ ጠባቂዎች ፊት ያልፋል። እንደ ሽማግሌዎች ጉባኤ ነው፤ አንዱ እምቢ ካለ ነገሩ ያድራል። የዳሽቦርዱ ፋን መከፈቱ ይጠየቃል፤ ፋን ሳይዞር ኤሲ ቢነሣ ኢቫፖሬተሩ በረዶ ይሠራልና። ኢቫፖሬተሩ ላይ የተሰካው የሙቀት መለኪያ ቅዝቃዜው ወደ በረዶ ሲጠጋ ይከለክላል፤ ሽቦው የተበጠሰም እንደሆነ እንዲሁ። የግፊት ማብሪያው በጋዙ መስመር ላይ ተቀምጦ ሁለት ወሰን ይጠብቃል፤ በብዙ የቶዮታ መኪኖች ግፊቱ ከ2 ባር ገደማ ሲያንስ ወይም ከ31 ባር ገደማ ሲያልፍ መስመሩን ይቆርጣል። አዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር አለ፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ከሞቀ ወይም ሹፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ከረገጠ ኤሲውን ለጊዜው ያሳርፈዋል። ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሪሌው የሚዘጋውና ጥቅልሉ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው።

ስለዚህ ያልያዘ ክላች ሁልጊዜ የተበላሸ ክላች አይደለም። ብዙ ጊዜ ታዛዥ ክላች ነው። አንድ ጠባቂ ከልክሎታል፤ መጠየቅ ያለበትም ማን እንደከለከለና ለምን እንደከለከለ ነው። በዚህ አገር ግን ጥያቄው ገና ሳይጠየቅ መልሱ ይመጣል፦ «ጋዝ አልቋል።»

የመጀመሪያው ፍተሻ መፍቻም አይፈልግም። ሞተር ተነሥቶ፣ ፋን ተከፍቶ፣ ኤሲ ተጭኖ ኮፈኑ ይነሣል፤ እጅና ልብስ ከቺንጋው ርቆ ሳህኗ ትታያለች። ፑሊው እየዞረ እሷ ከቆመች ክላቹ አልያዘም። አብራ ከዞረችና ቅዝቃዜ ከሌለ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ የክላቹ ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃል። ቀጥሎ የክላቹ ሶኬት ተነቅሎ በቴስተር ወይም በመሞከሪያ አምፖል ይለካል። ኤሌክትሪክ እስከ ሶኬቱ ደርሶ ክላቹ ካልያዘ ጥፋቱ ከጥቅልሉ፣ በሳህኗና በፑሊው መካከል ካለው ክፍተት ወይም ከኔጋቲቩ አይወጣም። ካልደረሰ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ ጠባቂዎቹ መመለስ ነው። ይህች አንዲት መለኪያ ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ እሷን ዘሎ ወደ ጋዝ ሲሊንደር የሚሄድ መካኒክ በግምት ነው የሚሠራው።

## «ጋዝ አልቋል»

ፍኖተ ሰላም ዋናው አስፋልት ዳር እንዳሉት ጋራዦች ያለ ቦታ ለሁሉም ነው። ባጃጅ፣ አይሱዙና ዶልፊን የሚባለው ሚኒባስ በአንድ ግቢ ይሠራሉ፤ መሬቱ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል፤ ከግድግዳው ጥግ ፈዛዛ ሰማያዊ የጋዝ ሲሊንደር ቆሟል። ባለ ቀይና ሰማያዊ ቱቦው መለኪያ ከሚስማር ላይ ይወርድና ከመኪናው ጋር ይገጠማል፤ መርፌው ትንሽ ይነሣል፣ ጋዝ ይጨመራል፣ ክላቹ «ጠቅ» ይላል፣ ሹፌሩ ይከፍላል። ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ ያው መኪና ያንኑ ቱቦ ፍለጋ ይመለሳል።

ጋዝ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፣ እንደ ውኃም አይተንም። መስመሩ ዝግ ነው። ከጎደለ በሆነ ቦታ ሾልኳል፤ ያ ቦታ ካልተገኘ የተጨመረውም ይከተላል።

> ጋዝ አያልቅም፤ ይወጣል።

ሾልኮ የሚወጣበት ቦታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይተዋል። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ ቀዳዳው አካባቢ አቧራ የለበሰ ቅባት ይጠራቀማል። በዶልፊን ላይ መጀመሪያ የሚፈተሹት ከወለሉ ሥር ወደ ኋለኛው ኢቫፖሬተር የሚሄዱት የአሉሚኒየም ቧንቧዎች ናቸው። መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ቁጭ ወይም ወደ ሽንዲ ሲገባ ጠጠር የሚመታቸው፣ ጭቃ የሚጋገርባቸው፣ ማሰሪያቸው ሲላላ ከብረት ጋር የሚፋተጉት እነሱ ናቸው። ኮንደንሰሩም ከፊት ስለሆነ ድንጋይ ያገኘዋል። የሳሙና አረፋ ርካሽና ታማኝ መፈለጊያ ነው፤ ትንሿ ቀዳዳ አረፋ ትነፋለች። አረፋ የማይደርስበት ኢቫፖሬተሩ ብቻ ነው፤ እሱ ሲቀደድ ዳሽቦርዱ በሙሉ ይፈታል፤ ባለቤቶችም ኤሲውን እርግፍ አድርገው የሚተዉት ብዙውን ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

ቀዳዳው ከተዘጋ በኋላ መስመሩ በቫኪዩም ፓምፕ ይመጠጣል፤ ዓላማው ውስጥ የገባውን አየርና እርጥበት ማውጣት ነው። እርጥበት ከቀረ ጠባቧ ቫልቭ ላይ በረዶ ይሠራል፣ ከጋዙና ከዘይቱም ጋር አሲድ ሆኖ ብረት ይበላል። እዚህ ላይ መጽሐፍ የማይነግረው፣ የጎጃም መካኒክ ግን ሊያውቀው የሚገባ ወጥመድ አለ። የጥገና መጻሕፍት መርፌው ከዜሮ በታች ወደ 29 ወይም 30 ኢንች ሜርኩሪ እንዲደርስ ያዝዛሉ። ይህ ግን የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። መለኪያው የሚያወዳድረው ከአካባቢው አየር ጋር ነው፤ የፍኖተ ሰላም አየር ደግሞ ስስ ነው። እዚያ ፍጹም ባዶ የሆነ መስመር እንኳ ከ24 ኢንች ብዙም አያልፍም፤ ቡሬ ላይ ደግሞ ትንሽ ያንሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ፓምፕ ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል፣ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። መታየት ያለበት መርፌው የደረሰበት ቁጥር ሳይሆን ፓምፑ ከቆመ በኋላ ባለበት መቆየቱ ነው።

ሞተር ሳይነሣ የሚታየው ግፊትም ይናገራል። ጠዋት 20 ዲግሪ ገደማ በሆነ አየር፣ በዚህ ከፍታ፣ ፈሳሽ ጋዝ ያለበት መስመር ወደ 70 ፒኤስአይ ያሳያል። ከዚያ በጣም ካነሰ ጋዙ በእርግጥ ጎድሏል። 70 ካለ ግን ሙሉ ነው ማለት አይደለም፤ ጥቂት ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ ያው ነው። ክላቹን የከለከለው የጋዝ ማነስ አለመሆኑን ግን ይነግራል፤ ጋዝ መጨመሩ ያን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ብቻ ነው። ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው በሚዛን ነው። ለትንሽ የቤት መኪና ግማሽ ኪሎ ያህል ይበቃል፣ ከፊትም ከኋላም ለሚያቀዘቅዝ ሚኒባስ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ አለ።

## ሲሞቅ የሚለቅ ክላች

ከሁሉ የሚያታልለው ጉድለት ይህ ነው። ጠዋት ከመናኸሪያ ሲወጣ ኤሲው ይሠራል። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ ይለቃል። ማታ ቤት ሲገባ ተሞክሮ እንደገና ይሠራል። መካኒኩ ጋ ሲደርስ ምንም የለውም። ሹፌሮች «ሰው ሲያይ ይሠራል» እያሉ ይቀልዱበታል።

ምክንያቱ በሳህኗና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክላቹ ሳይዝ ሁለቱ የሚራራቁት በፀጉር ስፋት ነው፤ በአብዛኞቹ ኮምፕሬሰሮች ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር። ክላቹ በያዘና በለቀቀ ቁጥር ፊቱ ትንሽ ትንሽ ይበላል፤ ከዓመታት በኋላ ክፍተቱ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ማግኔቱ ሳህኗን ለመሳብ ጉልበት ያጥረዋል። ጥቅልሉ ደግሞ መዳብ ነው፤ መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል። ቀዝቃዛ ሳለ ከ3 እስከ 4 ኦም የሚያሳይ ጥቅልል ወደ 100 ዲግሪ በጋለ ሞተር አጠገብ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል፤ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክም ሩብ ያህል ይቀንሳል። ጠዋት ለጥቂት የበቃው ማግኔት ቀትር ላይ አይበቃም። ክላቹ እንግዲህ የሚከዳው ልክ በሚፈለግበት ቦታ፣ በረሃው ውስጥ ነው።

ፍተሻው ሞተር ጠፍቶ ነው። በክፍተት መለኪያ ስስ ብረት በሳህኗ ዙሪያ ሦስት ቦታ ይለካል። ክፍተቱ ከሰፋ የመሃሉ ብሎን ይፈታል፣ ሳህኗ ትወጣለች፤ ከበስተኋላዋ ዘንጉ ላይ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ተደርበው ይገኛሉ። አንዱ ይወጣና ሳህኗ ትመለሳለች፤ ክፍተቱ እንደገና ይለካል። ጋዙ አይነካም፣ ዕቃ አይገዛም። አንዳንዶች ሞተር እየሠራ ሳህኗን በእንጨት ገፋ አድርገው ይፈትናሉ፤ መልሱ ወዲያው ይገኛል፣ ጣትም ወዲያው ሊሄድ ይችላል። መኪናው ቆሞ በስስ ብረት የሚገኘው መልስ ያው ነው።

ይህን የማያውቅ ጋራዥ ኮምፕሬሰሩን ያስቀይራል። ባለቤቱም አዲስ አበባ ሰው ልኮ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ያስገዛል፤ ዕድሜው የማይታወቅ፣ ክፍተቱ ምናልባት የባሰ።

## ሽቦ፣ ፊውዝና የማያልቁት ተጨማሪዎች

ኤሌክትሪክ ወደ ክላቹ ካልደረሰ ፊውዝና ሪሌ ቀድመው ይታያሉ። የኤሲው ሪሌ በብዙ መኪኖች ከጡሩንባው ወይም ከሌላው ሪሌ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ቦታ አለዋውጦ መሞከር ይቻላል። የተቃጠለ ፊውዝ ግን መልስ ሳይሆን ጥያቄ ነው። ጥቅልሉ ውስጥ ውስጡን ተገናኝቶ ይሆናል፣ ወይም ሽቦው ከሞተሩ ጋር ተፋትጎ ተልጧል። በፊውዙ ፋንታ ሽቦ ማሰር መኪናውን ለእሳት ማዘጋጀት ነው፤ ያም ሆኖ የታሰረ ሽቦ ያልተገኘበት የፊውዝ ሳጥን ማየት ብርቅ ነው።

ሌላው ምንጭ በኋላ የተጨመረው ነገር ነው። የስርቆት አላርም፣ ስክሪን፣ የፍጥነት መገደቢያ፣ ጂፒኤስ፣ በጣራ ዙሪያ የሚብለጨለጩ መብራቶች፤ እያንዳንዱ ሲገጠም አንድ ሽቦ ከሆነ ቦታ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠምጥሟል። የኤሲው መስመር ከዳሽቦርዱ ሥር በዚሁ ጫካ ያልፋል። ኔጋቲቩም አይዘነጋ። ብዙ ጥቅልሎች አንድ ሽቦ ብቻ አላቸው፤ ሁለተኛው መንገዳቸው የኮምፕሬሰሩ አካል ነው። ኮምፕሬሰሩ ተቀብቶ ወይም ዝጎ ከተገጠመ፣ ወይም ከሞተር ወደ ባትሪ የሚመለሰው ገመድ ከላላ፣ ቴስተሩ 12 ቮልት እያሳየ ክላቹ አይይዝም።

## ገለባና አቧራ

ጋዝም ሽቦም ደህና ሆነው ክላቹ ይዞ ወዲያው ሲለቅ፣ በተለይ መኪናው ሲቆም፣ ከልካዩ ከፍተኛው ግፊት ነው። ኮንደንሰሩ ሙቀቱን የሚጥልበት ነፋስ አጥቷል። የምዕራብ ጎጃም መንገድ ከኅዳር ጀምሮ የጤፍ ገለባ፣ የበቆሎ ብናኝና አቧራ ነው፤ ይህ ሁሉ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ገብቶ ይጠቀጠቃል። ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ከውስጥ ወደ ውጪ በቀስታ በሚፈስ ውኃ መታጠብ ይበቃዋል፤ የላቫጆው ኃይለኛ ውኃ ስሶቹን ክንፎች ስለሚያጥፍ መታጠቡ ከመቆሸሹ የባሰ ይሆናል። የኮንደንሰሩ ፋን መዞሩም አብሮ ይታያል።

ከውስጥ በኩልም የአየር ማጣሪያ ያላቸው መኪኖች አሉ። በርበሬ ከቡሬና ከጃቢ ጠህናን ገበያ የጫነ ሚኒባስ ማጣሪያ ሲወጣ የመካኒኩን ዓይን ያስለቅሳል። ይህ ነፋሱን ይቀንሳል እንጂ ክላቹን አይከለክልም፤ ሁለቱ ሲምታቱ ግን ብዙ ጊዜ ይታያል።

## «ዳይሬክት» እና ሌሎች አቋራጮች

ጠባቂዎቹን ሁሉ ዘሎ ከባትሪ ወደ ክላቹ ሽቦ መሳብ «ዳይሬክት ማድረግ» ይባላል። ለአንድ ሴኮንድ ፍተሻ፣ ግፊቱ ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ፣ ተገቢ ነው። እንደ ጥገና ከተተወ ግን የኮምፕሬሰሩ ሞት ነው። ጋዝ በጎደለበት መስመር ዘይቱም አይዞርም፤ ኮምፕሬሰሩ በደረቁ ይፈጭና ይጨነቃል፣ ፍርፋሪው መስመሩን ሁሉ ይበክላል። ተጨንቆ ሲቆም ቺንጋው ይቃጠላል፤ ያ ቺንጋ የውኃ ፓምፑንም የሚያዞር ከሆነ መኪናው እዚያው ይቀራል።

ሁለት አቋራጮች ደግሞ ሰው ይገድላሉ። አንደኛው ቀዳዳ ለመፈለግ ከብየዳው ሲሊንደር ኦክስጅን መንፋት ነው፤ በግፊት ያለ ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ናይትሮጅን ነው። ሁለተኛው በጋዝ ፋንታ የወጥ ቤት ቡታጋዝ መሙላት ነው። ያቀዘቅዛል፤ ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ኢቫፖሬተሩ የሚቀመጠው በተሳፋሪው ጉልበት ፊት ነው፤ አንድ ቀን ሲሾልክ የሚሾልከው መስኮት በተዘጋበት ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውም ሁልጊዜ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2011 አር-134ኤ ተብሎ በተሸጠ አስመሳይ ጋዝ የተሞሉ የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሠራተኞች ሞተዋል። በውስጡ የተገኘው ሜቲል ክሎራይድ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ በራሱ የሚቀጣጠል ውሁድ ይሠራል። ግፊቱ ከእውነተኛው ጋር ስለሚቀራረብ መርፌው አይለየውም። በጣም የረከሰ ሲሊንደር የሚያጠራጥረው ለዚህ ነው።

የጋዙ ታሪክም ከሥራው ጋር የተያያዘ ነው። የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1939 ኤሲ ያለው መኪና ለገበያ ካወጣ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሠራው አር-12 የኦዞንን ንብርብር ሲያሳሳ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ከገበያ አስወጣው። የተካው 134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ ጊዜ በላይ ይበረታል፤ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኪጋሊ ማሻሻያ የሚያስቀንሰውም እንዲህ ያሉትን ነው። ቀዳዳ ሳይዘጉ ጋዝ መጨመር እንግዲህ ከሹፌሩ ኪስም የሚያልፍ ጉዳት አለው።

## በአንድ ሻንሲ ላይ ሁለት ሠሪ

የሽቦ ፍለጋው ይበልጥ የሚከብድባቸው መኪኖችም አሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ቤታቸውን ይዘው የሚዞሩበት ሞተርሆም ሁለት ኤሲ አለው። የጣራው ኤሲ በጄኔሬተር ወይም ከግድግዳ በሚሳብ መስመር ይሠራል፤ የዳሽቦርዱ ግን በሞተሩ ቺንጋ። የጣራው ደህና ሆኖ የዳሽቦርዱ ሲያምፅ ፈላጊውን የሚያደክመው አሠራሩ ነው፤ ሻንሲውንና ሞተሩን አንድ ኩባንያ፣ ቤቱን ሌላ ኩባንያ ስለሚሠራው ሽቦው የሁለት ሠሪ ሥራ ነው፣ ብልሽቱም መገናኛው ላይ መሸሸግ ይወዳል።

ለኢትዮጵያ ይህ እንግዳ አይደለም። በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ አካል የሚሠራለት ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያው ነው። ኤሲ ከተገጠመለት የገጠመው አካሉን የሠራው ነው፤ የሻንሲው መጽሐፍ ስለዚያ ሽቦ የሚለው ነገር የለም። መኪናው 24 ቮልት ሆኖ በችኮላ የተተካለት ሪሌ ወይም ጥቅልል የዶልፊን 12 ቮልት ሲሆን በቀናት ውስጥ ይቃጠላል። እንዲህ ባለው መኪና ላይ አዋቂ ኤሌክትሪሺያን ከፋብሪካው ንድፍ አይጀምርም፤ ከክላቹ ሶኬት ተነሥቶ ሽቦውን በእጁ እየዳሰሰ ወደ ኋላ ይከተለዋል።

አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ከዚህ ልማድ ውጪ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ቁጥራቸው እየጨመረ ነው። በነሱ ላይ ቺንጋም ክላችም የለም፤ ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው በውስጡ ያለ የራሱ ሞተር ነው፤ ያም በብርቱካናማ ገመድ ከመቶዎች ቮልት ባትሪ ጋር ተገናኝቷል። «ጠቅ» የሚል ድምፅ አይጠበቅም፤ በመሞከሪያ አምፖል መነካካትም የለም፤ ጥፋቱ የሚነበበው በኮምፒውተር ነው። ዘይቱም ሌላ ነው። ሞተሩ በዘይቱ ውስጥ ስለሚጠልቅ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ የተለየ ዘይት ይፈልጋል። ከዶልፊን ጋር በተጋራ ቱቦ ጥቂት የተለመደው ዘይት ከገባበት የመኪናው ጠባቂ ሥርዓት ኤሌክትሪክ እየሾለከ ነው ብሎ ዋናውን ባትሪ ሊቆልፈው፣ መኪናውንም ከነጭራሹ ሊያቆመው ይችላል።